ማን ቀድሞ ሰማ

ጨዋታውን ያመጣችው እሷው ነበረች፤ ክፉ ነገር መቼ አንኳኩቶ ይገባል። እሷ የቤተ ሙከራው ተመራማሪ፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የመጭመቂያው መካኒክ ናቸው። በሁለት የብረት መንጋጋዎች መካከል ጥፍር የምታህል፣ ቢስሙዝ የተባለ ማዕድን ቁራጭ ያስገቡና ይጫኗታል። ቢስሙዝ ትችላለች፣ ትችላለች፤ ልኳ ሲያልፍ ግን አቶሞቿ ሰልፋቸውን አፍርሰው፣ ተጠጋግተው በሌላ ሰልፍ ይቆማሉ። ያኔ የመለኪያው መርፌ ዘጭ ይላል፣ ከውስጥም ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ሲጨመርባት ደግሞ ወዲያው ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ቀጭ። ቀድሞ የሰማ «ተለወጠች!» ይላል፤ የተቀደመ ሻይ ይጋብዛል።

ወንድምየው መሸነፍ አይወድም። ከመጭመቂያው መራቅ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ እሱ ጆሮውን መንጋጋዎቹን በምትጋርደው ቀጭን መከለያ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። እሷም አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች። ከዚያ ልታስነሳው ስትፈልግ «እማዬ ስልክ ላይ ናት» ትለዋለች፤ ደጋግማ አታልላዋለች።

ዛሬ ግፊቱ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቀጭ አለ።

«ተለወጠች!» አለ። «አንዱን ሻይ በላሁሽ፣ እትዬ። ሁለተኛውም የኔ ነው።»

መርፌውን አየች። ንቅንቅ አላለም። ክው አለች፤ ቢስሙዟ አልተለወጠችም፣ የተሰነጠቀው መንጋጋው ነው። ቢስሙዝ ግፊቱ ሲለቃት ወደ ቀድሞ ሰልፏ ትመለሳለች። የተሰነጠቀ መንጋጋ ግን አይመለስም፤ ግፊቱ ከቆየበትም፣ በድንገት ከለቀቁትም ይፈነዳል። ግፊቱን የሚቀንሰውን ማስተንፈሻ ቀስ አድርጋ ማዞር ጀመረች።

«ከዚያ ተነስ» አለችው። «መንጋጋው ተሰንጥቋል።»

ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ እማዬን ተውሽና በመንጋጋ መጣሽ?»

«አልቀለድኩም። ና ወደዚህ፣ የኔ ጌታ።»

«ሁለተኛውን ልትሰሚ ነዋ። አውቅሻለሁ።»

«እማዬ ትሙት!»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ነበር» አለና ጆሮውን ይበልጥ ለጠፈ።

እውነቱን ነው፤ ለአንድ ሲኒ ሻይ ብላ በእናቷ ምላ ነበር። አሁን በምን ትማልለት? ማስተንፈሻውን ለቃ ወደ እሱ ሮጠች። እሱም የምትሻማው መስሎት፣ እየሳቀ መከለያውን በሁለት እጁ አቀፈው።

ሁለተኛውን ድምፅ እኩል ሰሙት።