በሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ አሳዎች

ስልክ በጠራ ቁጥር ዙለይኻ የምታስበው አንድ ነገር ነው፦ ልጇ ውሃ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። ነስሪን አሳ አጠናለሁ ብላ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናት። ጭሮ ውስጥ ደግሞ የልጇን ትምህርት ለማንም በግልጽ ተናግራ አታውቅም። ጫት ተራ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሲጠይቋት «ዶክተር» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ሐይቅ በሌለበት ከተማ አሳ ተማረች ብላ መሳቂያ ትሁን እንዴ?

የዚያን ቀን ግን ረፋድ ላይ ባጃጅ ጫት ተራው በር ላይ ቆመና ነስሪን ወረደች። ውሃና አየር የተሞሉ ስድስት ትልልቅ ላስቲኮች ይዛለች።

«እማ፣ መኪናችን ቦርደዴ ላይ ተበላሸ። በሚኒባስ ነው የመጣሁት።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአሳ ጫጩት፤ ስድስት መቶ ናቸው። ቦኬ ላይ ገበሬዎቹ ኩሬ ቆፍረው እየጠበቁኝ ነው።»

ዙለይኻ አንዱን ላስቲክ ነካችው። ሞቋል። ጥፍር የሚያካክሉ አሳዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ያልቃሉ» አለች።

«እማ ደግሞ!»

«ያልቃሉ አልኩሽ። በዚህ ፀሐይ ሦስት ሰዓት መንገድ!»

የነስሪን ዓይን እንባ አቀረረ። «ካለቁ የቦኬው ገበሬ ኦቦ ቢራቱ ኩሬውን እደፍነዋለሁ ብለዋል። ከማሳቸው ቆርሰው ነው የሰጡኝ። ሁለተኛ ማንም አያምነኝም።»

አጠገባቸው ጫት የምትለቅም ኩብራ አንገቷን አሰገገች። «ዶክተራችን መጣች! ግን በሽተኞቿን በላስቲክ ይዛ የምትዞር ምን ዓይነት ዶክተር ናት?» ሴቶቹ ሳቁ።

ዙለይኻ ሃያ ዓመት ጫት ያሰረች ሴት ናት፤ ለሩቅ መንገድ የሚጫን ነገር ፀሐይ እንዳይመታው ምን እንደሚደረግ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ጫት የሚጠቀለልበትን የሙዝ ቅጠል ጎትታ አወጣች፣ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ እያንዳንዱን ላስቲክ ጠቀለለች፤ በላዩ እርጥብ ጆንያ አለበሰች። ነስሪንም ቅጠል አነሳች።

«ጨለማውም ያረጋጋቸዋል፣ እማ። ልክ ነሽ።»

ሳቢር የሚባል ሹፌር ጫት ሊጭን በባዶ አይሱዙ ወደ ቦኬ ሊነሳ ነበር። ዙለይኻም ከልጇ ጋር ተሳፈረች። ጎማው ቢፈነዳስ? ሹፌሩ ቢያንቀላፋስ? በየመንደሩ መኪናውን እያስቆመች ጆንያው ላይ ከጀሪካን ውሃ ታፈሳለች።

«ሞቱ?»

«አልሞቱም፣ እማ።»

«እስካሁን ነዋ!»

ቦኬ ሲደርሱ ኦቦ ቢራቱ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሃያ የሚሆን ሰው ከኋላቸው አስከትለው ኩሬው ዳር ቆመዋል። ቅጠሉ ሲፈታ ላስቲኩ ቀዝቃዛ ነበር። ነስሪን ግን አልከፈተችውም፤ እንደታሰረ ኩሬው ላይ አንሳፈፈችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሊያልቁ ነው እኮ!»

«ከውሃው ጋር ይለማመዱ። እማ፣ አሁን ተራው የኔ ነው።»

ነስሪን እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ዙለይኻ የልጇን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ ያዘች፤ በአፏ «ያ ረቢ» ትላለች። ላስቲኮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ትንንሾቹ አሳዎች ለአፍታ ተሰብስበው ቆሙ፤ ከዚያ እንደተበተነ ጤፍ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ነስሪን የሞቱትን ለቅማ ቆጠረች። አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ።

«ሲሶው ያልቃል ብዬ ነበር» አለች ነስሪን።

ኦቦ ቢራቱ ጎንበስ ብለው ውሃውን ሲያዩ ቆዩ። «ቁርጡሚ!» አሉ በኦሮምኛ፤ አሳ ማለታቸው ነው። «ማሻአላህ! ኩሬው አይደፈንም። ጎረቤቶቼም የየራሳቸውን ይቆፍራሉ።»

ስልክ ጠራ። ኩብራ ናት። «እህሳ፣ የዶክተሯ በሽተኞች ዳኑ?»

ዙለይኻ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ድነዋል! ልጄ የአሳ ተመራማሪ ናት። የአሳ! ለተራው ሁሉ ንገሪልኝ።»

ስልኩን ዘጋች። የልጇን ቀሚስ ግን ገና አልለቀቀችም።

«በይ አሁን ውጪ» አለቻት፤ «ብርድ ይመታሻል።»