ለዘርዓብሩክ የተመረጠው ዘንግ

ሙመድ በዕድሜው ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መርጦ አያውቅም። የሚመርጠው ዘርዓብሩክ ነበር። ሁለቱ በምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ዘርዓብሩክ ቶርኖ ላይ፣ ሙመድ ብየዳ ላይ። ዘርዓብሩክ የተጠረበ ብረት በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ "የፀጉር ያህል ይቀረዋል" ካለ፣ በመለኪያ ሲታይ በእርግጥም የፀጉር ያህል ይቀረው ነበር። እሑድ እሑድ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረማያ ሐይቅ ዳር ሲውሉም ቀርከሃውን በእሳት አቅንቶ፣ ክር የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ራሱ ሠርቶ ዘንግ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። የሙመድ ሥራ መቀመጥና ማውራት ነበር።

ኋላ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ዘንጎቹንም ከዚራ ሰፈር፣ ዘርዓብሩክ ጓሮ፣ ምስጥ በላቸው። ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃው ሲመለስ ደግሞ የዘርዓብሩክ ዓይን ሄደ። ስኳር ነው የወሰደው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ በዓመቱ ቀኙን።

አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ዘርዓብሩክ ድንገት፣

"ሙሜ፣ ውኃው እውነት ተመልሷል?" አለው።

"ዋላሂ ተመልሷል። ሐረር ስሄድ ከመኪና ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።"

"እንሂዳ።"

"ሄደህ ምን ልታደርግ? ዓሣ ሲነካ ቡሹ ሲሰምጥ ማን ያይልሃል?" አለ ሙመድ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ቆጨው።

ዘርዓብሩክ ግን አልተቀየመም። ከኪሱ አንዲት የላስቲክ ከረጢት አወጣ። ውስጧ የጣት ርዝመት ያላቸው ለስላሳ የጎማ ትሎች አሉ። በአዲሱ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ቻይናዊ አገሩ ሲገባ የሰጠው ነው።

"በዚህ ሲጠመድ ቡሽ የለም" አለ። "ለክብደት ትንሽ እርሳስ ታስርለትና ትሉን ሥር ሥሩን ቀስ አድርገህ ትጎትተዋለህ። ዓሣው ሲቀምሰው ዝንብ ክሩ ላይ ያረፈ ያህል ነው። ዘንጉ ደህና ከሆነ ያቺ ነገር በክሩ መጥታ እጅህ ውስጥ ትገባለች። ዓይን ምን ይሠራል?"

"ዘንጉን ከየት እናመጣለን?"

"አሸዋ ገበያ አይጠፋም። አንተ ትመርጣለህ።"

"እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ አቦ!"

"ወፍራም ብቻ እንዳታመጣ። መጥረጊያ እንጨት ይዘህ ብትመጣ በለጠች ቤት ትጠርግበታለች።"

ከውስጥ ሚስቱ በለጠች ሳቀች። ሙመድም ሳቀ። ሳቢያን ወዳለው ቤቱ በባጃጅ ሲመለስ ግን ሐሳብ ይዞት ነበር።

በማግስቱ አሸዋ ሄደ። አያን የምትባል፣ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ የምትሸጥ ሴት አገኘ። ከፔርሙሱ፣ ከብርድ ልብሱና ከቬንትሌተሩ ጀርባ፣ ጥግ ላይ አምስት ዘንጎች ከነክራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

"ይሄን ውሰድ አደር" አለችው አንድ ወፍራም ጥቁር ዘንግ እያነሳች። እንደ ሶማሌ ወግ ትልቅ ሰውን አጎት ብላ መጥራቷ ነው። "ባሕር ላይ ሻርክ ያወጣል።"

"እኛ ሻርክ የለንም ልጄ።"

ሙመድ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አነሳ። የሚያውቀው ብረት ነውና እንደ ብረት አያቸው። አንዱ ሲያጎብጡት ከሥሩ ጀምሮ እንደ ገመድ ይልመጠመጣል፤ እንዲህ ያለው ዓሣ ቢይዝ እንኳ መንጠቆውን አይሰካም። ሌላው ጫፉ ድረስ ግትር ነው፤ ቀላሏን እርሳስ አይወረውርም። ሦስተኛው ደህና ይመስላል፤ መጋጠሚያው ላይ ግን ይንቀጫቀጫል። ምንም ሳይገዛ ሄደ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ በማግስቱ ተመለሰ።

"አያን፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የክሩን ጫፍ ይዘሽ ከሱቁ መጨረሻ ቁሚ። ከዚያ ሳትነግሪኝ ክሩን በጥፍርሽ ነካ አድርጊው።"

ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ዘንግ ያዘ። መንገደኛው እየቆመ ያየዋል።

"አሁን ነካሽ?"

"ኧረ ሦስቴ ነካሁ!"

ያን አስቀመጠ። ሌላ አነሳ። እሱም አልነገረው። ቀጥሎ ያነሳው ግራጫ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ፣ የካርቦን ዘንግ ነው፤ ጫፉ እንደ ሣር ይታዘዛል፣ ከወገቡ በታች ግን ጠንካራ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። መዳፉ ውስጥ አንዲት ነገር ጠቅ አለችው።

"አሁን!" አለ።

"አሁን ነው የነካሁት" አለች አያን።

"በጥፍርሽ አይሁን፤ በሻርፕሽ ጫፍ ዳበስ አድርጊው።"

ዳበሰችው። ተሰማው። ሙመድ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ለማን ነው እንዲህ የምትለፋው አደር?"

"ለጓደኛዬ። አያይም።"

አያን ዘንጉ ላይ የነበረውን ትልቅ የክር ማጠንጠኛ ፈትታ፣ ከመደርደሪያ ሥር አነስ ያለ አወጣች። "ይሄ ይሻላል። ያ ለዚህ ይከብደዋል፤ ክንድ ያደክማል" አለች። ሙመድ ዘንጉን በአንድ ጣቱ ላይ አስተኛው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያደላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እሑድ ጠዋት ከዚራ ሲደርስ በለጠች ደጃፉ ላይ የባሏን ሸሚዝ እየቆለፈችለት ነበር። የጫማውንም ክር ጎንበስ ብላ አሰረችለት። ሙመድ ስለማያይ ነው ብሎ አለፈው። "ከፀሐይ ጠብቀው ሙመድዬ፤ እንቅፋትም እንዳይመታው፤ እግሩ ቶሎ አይድንም" አለችው። በሚኒባስ ደንገጎን ወጡ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ዘርዓብሩክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ሐረማያ እስኪደርሱም አልመለሰውም።

ዳርቻው ድሮ የሚያውቁት አልነበረም። ውኃው ሌላ ቦታ ተኝቷል፤ የጫትና የድንች ማሳ እስከ አፋፉ ወርዷል። ሙመድ ጓደኛውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። የጎማውን ትል መንጠቆው ላይ ሰክቶ ወረወረና ዘንጉን አስያዘው።

"ቀላል ነው" አለ ዘርዓብሩክ ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች እያለ። "ጥሩ ዘንግ ነው ሙሜ። እኔም ብሆን ይሄንኑ ነበር የምመርጠው።"

ሙመድ እንዲህ ያለ ምስጋና ከሱ ሰምቶ አያውቅም። ደስ አለውና አጠገቡ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ የዘንጉ ጫፍ ነቅነቅ አለ። ዘርዓብሩክ ግን ስለ አንድ የሞተ ፎርማን እያወራ ነበር፤ ወሬውን አላቋረጠም። ጫፉ ረጋ። "አውቆ ትቶት ነው፤ እስኪውጠው እየጠበቀ ነው" አለ ሙመድ በልቡ። ሁለተኛ ነቅነቅ አለ። ሦስተኛ። በአራተኛው ክሩ ጭራሽ ወደ ጎን ሄደና ተመለሰ።

"ዘርዓ!"

"ምን?"

"ምንም። ወፍ አየሁ።"

ዘርዓብሩክ ወሬውን አቆመ።

"ጫፉን እያየኸው ነው አይደል?" አለ ቀስ ብሎ። "ስንት ጊዜ ነካው?"

ሙመድ ሊዋሽ ፈለገ፤ አልቻለም። "አራት ጊዜ" አለ።

ዘርዓብሩክ ራሱን ነቀነቀ። የሰማውን ቁጥር በልቡ እንደሚይዝ ሰው፣ "አራት" አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋለት። "ቆንጥጠኝ።"

ሙመድ የሌባ ጣቱን ጫፍ ቆነጠጠው።

"ቆነጠጥከኝ?"

"ቆነጠጥኩህ።"

"ጣቶቼ ሞተዋል ሙሜ። ከሰኔ ወዲህ ነው። ቁልፍ መቆለፍ አልችልም። ሻይ ሲያቃጥለኝ የማውቀው በለጠች ስትጮህ ነው። እሱም ያው ስኳሩ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምንስ ዘንግ ምረጥ አልከኝ?"

ዘርዓብሩክ ዘንጉን ጭኑ ላይ አስተኛው። "ምናልባት አልኩ" አለ። "በጣም ጥሩ ዘንግ ከሆነ ምናልባት ይሰማኛል አልኩ።"

ሙመድ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ሱቁ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመውን ራሱን አሰበ። የመረጠው በራሱ ጣት ነበር። የወዳጁ ጣት እንደሱ ጣት መሆኑን ጠይቆ አያውቅም።

በኋላ ዘርዓብሩክ፣ "ሞተር ኩሽኔታው ሲታመም እንዴት ነበር የምናውቀው?" አለ።

"ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተክለን፣ እጀታውን ጆሯችን ሥር አጥንቱ ላይ ደግፈን፣ ንዝረቱን…" ሙመድ ሳይጨርሰው ተነሳ። ትሉን እንደገና ወረወረ። የዘንጉን እጀታ ዞር አድርጎ ከጓደኛው ጆሮ በታች፣ መንጋጋው አጥንት ላይ አስደገፈው፤ ዘንጉን ራሱ በሁለት እጁ ያዘለት። እንደዚያ ተጠጋግተው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። የሙመድ ክንድ ዛለ። ከማሳው ሴቶች ቀና ብለው አዩዋቸው።

"አለ" አለ ዘርዓብሩክ በሹክሹክታ። ሙመድ ጫፉን አላየውም፤ የሚያየው የጓደኛውን ፊት ነበር። "አለ፣ አለ! ሳበው!"

ሙመድ ሳበ። ክሩ ለቅጽበት ከበደ፤ ወዲያው ላላ። አጠንጥኖ ሲያወጣው የትሉ ጭራ የለም፤ ዓሣው ቆርጦት ሄዷል። ትሉን ጓደኛው መዳፍ ላይ አኖረለት። ዘርዓብሩክ በጣቱ ሊዳስሰው ሞከረ፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ወደ ከንፈሩ ወሰደው። በከንፈሩ የተቆረጠውን ቦታ አገኘው።

"በልቶታል" አለ። "ሙሜ፣ በልቶታል እኮ!" ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸና ሌላ ነገር ሆነ። ሙመድ ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ እስኪወጣለት ድረስ ያዘው።

ከመስቀል በኋላ እንደገና ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር። አልሆነም። ዘርዓብሩክ እግሩ ላይ ቁስል ወጣ፤ ሕመሙ ስለማይሰማው ሲታወቅ ዘግይቶ ነበር። ሆስፒታል ገባ። የእግሩን ጣቶች ቆረጡ፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ሙመድ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር ይጠይቀው ነበር። ገብቶ እስኪናገር ዘርዓብሩክ አይጠብቅም፤ በኮቴው ያውቀውና "ወሬ አምጣ" ይለዋል።

አንድ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከመስጊድ በነጠላ ጫማ በቀጥታ ሲሄድ በለጠች አልነበረችም። ዘርዓብሩክ በጀርባው ተኝቷል፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ ፊቱ ረግቷል። "ወሬ አምጣ" የሚል ድምፅ አልመጣም። ሙመድ በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ሰው ነው፣ ይተኛ ብሎ ጫማውን ከወለሉ እያነሳ በጣቱ ወጣ። ዓርብ ማለዳ ዘርዓብሩክ ሞተ።

ከቀብር በኋላ ድንኳን ውስጥ፣ የድሮ የባቡር ሰዎች ወንበር ይዘው ተደርድረዋል። በለጠች ነጠላዋን አገልድማ መጣችና ከሙመድ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

"ሙመድዬ፣ ሐሙስ ለምን ቀረህ? ሲጠብቅህ ዋለ እኮ።"

"መጥቼ ነበር በለጡ። ተኝቶ ነበር።"

"መቼ?"

"ከአስር ሰላት በኋላ። አንቺ አልነበርሽም።"

"መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር" አለች። ከዚያ ፊቷ ሲለዋወጥ ሙመድ አየ። "አልተኛም ነበር እኮ። መናገር አቅቶት ነው እንጂ። ዓይኑን መክደን ልማዱ ሆኖ ነበር፤ ለሱማ ቢገልጠውም ያው ነው። ስመለስ በስንት ጭንቅ፣ 'አንድ ሰው በሩ ጋ ቆሞ ሄደ' አለኝ። 'ማን ነው?' አለኝ። እኔ ደግሞ ነርስ ትሆናለች አልኩት።"

ሙመድ አንገቱን ደፋ። በለጠች የተናገረችው ሙመድን እንዴት እንደሚጎዳው ዘግይቶ ገባትና እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ለቀስተኛ እየገባ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላቸዋል፤ በለጠች ግን እጁን አልለቀቀችም።