ክንዷን እንዳትይዛት

ወንድሜ ብረት በያጅ ነው። ክንዱ ላይ ያልተቃጠለ ቦታ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ቃጠሎን በማወቅ "ከእኔ በላይ ላሳር" ባይ ነው። ገና መቀመጥ የጀመረችው ልጄ አልጋው ላይ ፎጣ ተነጥፎላት ተኝታ፣ ጭኗና ብብቷ ውሃ ቋጥሮ ሲያይ፣ ባሌ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነውና፣ ፍርዱን እዚያው በር ላይ ቆሞ ጨረሰ።

"በካውያ ነው የተኮሳት!"

"ጋሼ፣ ስማኝ እንጂ" አልኩት። "ሐኪሟ መርምራ ነግራናለች። ቆዳን ከውስጥ እንደ ክር አስሮ የሚይዝ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። የእሷ ከተፈጥሮው ትንሽ ተለውጧል፣ ቶሎ ይበጠሳል። ጠበቅ አድርገው ከያዟት ትላጣለች።"

"ሰው በመያዝ ይላጣል? ማንን ነው የምታሞኚው!"

ባሌ ጩኸቱን ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። ሰላም ሊል አፉን ሲከፍት የወንድሜ ቡጢ ቀደመው። ጥርሱ ሲሰበር ጆሮዬ ሰማ። ወድቆም አልማረውም፣ በዚያ የሥራ ጫማው ጎኑን ይረግጠዋል። እኔም ጀርባው ላይ ተንጠልጥዬ ጆሮውን ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። እንደ ዝንብ አራገፈኝና ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ።

"ልጅቷን እወስዳታለሁ! ከዚህ አረመኔ ጋር አንድ ቤት አታድርም!"

ወደ አልጋው ሲራመድ ከኋላው ጮህኩ።

"በእናታችን ይዤሃለሁ! ክንዷን እንዳትይዛት!"

ባሌ ከወለሉ ላይ ቀና አለ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደም እየተፋ፣ "በፎጣው…" አለ፣ "ከሥሯ ገብተህ በፎጣው አንሳት፣ ጋሼ።"

ማን ሰምቶት! ብረት ማንሳት የለመደው እጁ ሁለቱን ክንዶቿን ጨብጦ ወደ ላይ ሳባት።

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ደንግጦ መልሶ አስቀመጣት። የቀኝ ክንዷ ቆዳ እንደ እጅጌ ተሰብስቦ አንጓዋ ላይ ቀርቷል፣ ሥጋዋ ቀልቶ ይታያል። በዚያች ደቂቃ ቢላዋ እጄ ላይ ቢኖር ወንድሜን እገድለው ነበር።

ባሌ እየዳኸ ደረሰ። ፎጣውን ከሥሯ አስገብቶ አነሳትና ደረቱ ሳይነካት አቀፋት።

ወንድሜ መዳፉን ዘርግቶ ያየዋል። ስስ፣ እርጥብ ነገር ተለጥፎበታል። ሊጠርገው ፈራ።

"እህቴ" አለኝ፣ "ቆዳዋ እጄ ላይ ነው። ምን ላድርገው?"