ባለ ሦስት ራሱ ማሽን

ጥፋቱ የኔ ነው፤ መደበቅም አልችል፣ ግቢው በሙሉ ያውቃል።

የምንኖርበት ግቢ ባለ ፎቅ አራት ሕንፃ አለው። መሃሉ ሰፊ ሣር ነው፣ በየቦታው ዛፍ ቆሞበታል፣ ዙሪያውን ደግሞ የቁጥቋጦ አጥር። አሮጌው አትክልተኛ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሲሄድ ሣሩ እንደ ባለቤት አልባ ፀጉር አደገ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚስት ጋር ተቀምጠን እንደ ልማዳችን ሰው ስናማ፣ ሥራው ለገፊው ሊሰጥ ነው አለችኝ። ገፊው የምንለው ባለ ጎማ ማጨጃውን ከፊቱ እየገፋ ከግቢ ግቢ የሚዞረውን ሰውዬ ነው። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለቱም ለምን ጥለውት እንደሄዱ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ የሱ ቀን አይደለም።

"የኔ ልጅስ?" አልኳት።

"ያንቺ ልጅ ደግሞ መቼ ሣር አጭዳ ታውቃለች?"

ይሄ አነጋገሯ አበሸቀኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። ፋብሪካው ተዘጋና ቤት ዋለች። ይኸው አራተኛ ወሯ። መጀመሪያ ፀጉሯን ማበጠር ተወች፣ ቀጥሎ መስኮት መክፈት ተወች። እና እኔ ምን አልኩ?

"አትክልተኛው ማሽኑን ለሷ አይደል እንዴ ትቶላት የሄደው! ሦስት ራስ ነው ያለው፣ አንዱ ለሣር፣ አንዱ ለአረም፣ አንዱ ለአጥር። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትቀያይረው!"

ማሽኑን፣ በትከሻ የሚንጠለጠለውን ባለ ሞተር ማጨጃ፣ የተወላት እውነት ነው፤ ሁሌ ሻይ ታቀብለው ነበር። ዓይኗን ጨፍና ያልኩት ግን ከየት እንደመጣ እንጃ። እሷ የምታውቀው ሣር የሚያጭደውን፣ ባለ ፕላስቲክ ክሩን ራስ ብቻ ነው፣ እሱንም አንዴ ከጓሮ ሞክራዋለች። ሁለቱ ራሶች በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልለው እኔ አልጋ ሥር ነበሩ።

ሳይመሽ ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ በር አንኳኳ።

"ቅዳሜ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት" አላት። "ግቢውን ለሁለት ከፍለነዋል፣ ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለገፊው። ሣሩም፣ ግንቡ ሥር ያለው አረምም፣ አጥሩም። የተሻለው ሥራውን ይወስዳል።"

"እሺ" አለች። በሩን ዘጋችና ዞረችብኝ።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?"

"ኧረ ትንሽ ነው የጨመርኩት።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ሳዘጋጅ እሷ አልጋዬ ሥር ገብታ አንሶላውን ጎተተችው። "ይሄን ሥራ ካጣሁ እዚህ ቤት ውስጥ እበሰብሳለሁ" አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ። ከዚያ ወዲህ መቀለድ አቆምኩ። ማለቴ፣ ቀነስኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተለማመደች። ዘንጉ መሃሉ ላይ ይፈታል፤ የታችኛውን ግማሽ ታወጣና ባለ ጥርሱን፣ የአጥሩን፣ ትሰካለች። ቀጭ ካላለ አልገባም ማለት ነው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ "አላለም!" "አሁን አለ!" እላታለሁ። የአረሙ ብረት ግን አሰካኩ ሌላ ነው። እሱ የሚገባው የክሩ ራስ ከጫፉ ሲፈታ ነው። ልትሞክረው ስትል "በብሎን የታሰረ ነገር ማንን ያቅተዋል፣ ሂጂና ተኚ" አልኳት። ይሄም የኔ ምክር ነበር።

ቅዳሜ መስኮቱ ሁሉ ሰው ሆነ። ልጄ የሟች አባቷን ሱሪ ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ ማሽኑን በማንገቻው ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። የሞተሩን ገመድ አንዴ ሳበችው፣ ሁለቴ ሳበችው፣ በሦስተኛው ጮኸ። ክሩ ሲሽከረከር ዓይን አያየውም፣ ሣሩ ብቻ ይወድቃል። ድንጋይ ነክቶ ሲበጠስ የማሽኑን ራስ መሬት ላይ ጠቅ ታደርገዋለች፣ ክሩ ይረዝማል፣ ትቀጥላለች። በየዛፉ ዙሪያ ትዞራለች፣ በየደረጃው ጥግ ትገባለች።

ገፊው ልብስ እንደሚተኩስ ሰው ወዲያ ወዲህ ብሎ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሣሩን ጨረሰና እኔ አጠገብ መጥቶ ቁጭ አለ።

"እማማ፣ ልጅዎ ሣሩን እያጨደች ነው ወይስ እያበጠረች?"

"አንተ መጀመሪያ ያንን ፂምህን እጨደው።"

ከላይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳቁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ግንቡ ጋ ደረሰች። አረሙ የጣት ውፍረት አለው፣ ክር አይበግረውም። ሞተሩን አጠፋች፣ ዘንጉ እንዳይዞር አንገቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ካቻቢቴ ሰካች፣ የክሩን ራስ ጨብጣ ጠመዘዘች። ንቅንቅ አላለም። እንደገና ጠመዘዘች። ፊቷ ቀላ፣ ራሱ ግን እንደታሰረ ነው።

የግቢው ዘበኛ ፒንሳውን ይዞ ሮጠ። ደግ ሰው ነው፣ ክንዱም ክንድ ነው። ጥርሱን ነክሶ ጠመዘዘው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ገመድ አከለ። ምንም።

"ዝጓል" አለ።

"ወደ ቤት ይዛው ትግባ" አለ ገፊው ከወንበሩ። "ይሄ የሴት ነገር አይደለም።"

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ማሽኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትክ ብላ ታየዋለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ አራት ወር ከሱ ጋር ኖሬያለሁ። ተነሳሁ። የዘበኛው እጅ ሲጠመዝዝ ሳይ የድሮው የራሴ እጅ ታየኝ። የጋዝ ሲሊንደር መጀመሪያ ቤታችን የገባ ጊዜ ዳዶውን ልፈታ ብዬ ግማሽ ቀን ታግያለሁ። ለካ ስፈታ የመሰለኝ ሳጠብቅ ነበር። ይዞት የመጣው ሰውዬ ነው "ይሄ ከሌላው ተቃራኒ ነው የሚዞረው" ያለኝ።

"ወደ ቀኝ አዙሪው!" አልኳት።

"እማማ፣ ወደ ቀኝማ ማጥበቅ ነው" አለ ዘበኛው።

"አንተ ስታጠብቅ ቆየህ እንጂ! ልጄ፣ የጋዙን ዳዶ አስቢ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ስንቴ ሲሊንደር የቀየረች ልጅ ናት። ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ዘበኛው አጥብቆታልና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ጓ አለና ለቀቀ። ብረቱን አስገባች፣ ወደ ግራ አጠበቀች፣ ተነስታ አረሙን ከሥሩ ትከረክመው ጀመር።

አጥሩ ቀረ። መጀመሪያ ምን አደረገች? በሁለት እንጨት መሃል የስፌት ክር ወጠረች። ባለ ጥርሱን ሰካች፣ ቀጭ አለ፣ ክሩን እየተከተለች ቆረጠችው። አጥሩ የተለካ ጨርቅ መሰለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷታል።

"ሰዓት ደርሷል" አለ ሊቀመንበሩ። ሞተሩን አጠፋች።

ሁለቱን ግማሽ ዞሮ አየ። የገፊው ሣር መሃሉ ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ግን በየዛፉ ሥር ጎማው ያልደረሰበት ሣር ጉች ጉች ብሎ ቀርቷል፣ አጥሩ በመቀስ የተነካው በበሩ በኩል ብቻ ነው፣ አረሙን ደግሞ በእግሩ ረግጦ አስተኝቶታል።

"ይሄስ?" አለው ገፊውን።

"እሱ የእጅ ሥራ ነው፣ ሌላ ቀን ሰው አመጣለሁ።"

ሊቀመንበሩ አገጩን አከከ። "እንግዲህ እናስማማው። ሣሩን እሱ ይያዝ፣ ዳር ዳሩንና አጥሩን አንቺ።"

እኔ ብሆን እሺ ብዬ እጁን እስም ነበር። ልጄ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

"አይሆንም፣ ጋሼ። እሱ ገፍቶ የሚተርፈውን ለመልቀም አልመጣሁም። ሙሉውን ይስጡኝ፣ ካልሆነ ሙሉውን ለሱ ይስጡት።"

መልስ አልጠበቀችም። ገመዱን ሳበችና አሥሯን እርምጃ ጨረሰች። ቀጥላ ባለ ጥርሱን አወጣች፣ ብረቱን ወደ ቀኝ ፈታች፣ ክሩን መለሰች፤ ማንም እጁን አልጨመረም። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ገፊው ግማሽ ገባች።

"ኧረ ይሄ የኔ ነው!" አለ ገፊው። ማን ሊሰማው፣ ሞተሩ ይጮሃል። አንዱን ዛፍ ዞረችው፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የተቆረጠው ሣር እየበረረ የሊቀመንበሩን ጥቁር ሱሪ አረንጓዴ አደረገው። ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ገፊው ማጨጃውን ይዞ እስከ በሩ ሄደ፣ ቆመ፣ ዞሮ አየና ወጣ።

የመጨረሻው ዛፍ ሲያልቅ ሞተሩን አጠፋች። ሊቀመንበሩ ሱሪውን እያራገፈ ቀረባት።

"ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ እንገናኝ" አላት። "ሙሉውን።"

"በሦስት ሰዓት ይሁን" አለችው፣ ክሩ ላይ የተጠመጠመውን ሣር በጣቷ እየለቀመች። "በሁለት ሰዓት ሣሩ ገና በጤዛ እርጥብ ነው።"