በግድግዳው ላይ ያለው ረግረግ

ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ በመናፈሻው ግድግዳ ላይ ያለው የረግረግ ሥዕል እስከ ጉልበት ድረስ ውሃ ይዟል። ሥዕሉ ከሸክላ ስብርባሪ የተለጠፈ ነው፤ ጎብኚዎች ረግረግ የዝናብን ውሃ እንዴት እንደሚመጥጥ፣ ጎርፍን እንዴት እንደሚያበርድ እንዲማሩበት ታስቦ ተሠራ። ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር ሣርና ደንገል ወደተተከለበት ቦይ መግባት ነበረበት። አልገባም። ቀጥ ብሎ ወደ ሥዕሉ ወጣ። የመናፈሻው ኃላፊ መጥተው አዩና «ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ።

አስጎብኚዋ ትርንጎ እስካሁን አልገባችም። ጎብኚው ሁሉ ሱሪውን እያጠፈ ገብቶ ከዳክዬዎቹ ጋር ፎቶ ሲነሳ፣ እሷ ከዳር ቆማ በረጅም ዘንግ እያመለከተች ታስረዳለች። በዚህ ትምህርት ዲግሪ አላት።

ዘበኛው ጋሼ ዳምጤ ግን ጠዋት ጠዋት ማጭዳቸውን ይዘው ይገባሉ። ድሮ ከከተማው ዳር በነበረው እውነተኛ ረግረግ ደንገል እያጨዱ ታንኳ ይሠሩ ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ረግረጉ በአፈር ተሞልቶ ቤት ሲሠራበት፣ «እዚያ እኮ የምተዳደርበት ውሃ አለ» ብለው ወደ መሬት ቢሮ ሄዱ። የቢሮው ሠራተኞች አንድ ወረቀት አውጥተው አነበቡላቸው። ወረቀቱ መሬቱ ላይ ምንም የለም ይላል። ውሸታም ተብለው ወጡ። ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ «ባለ ባሕሩ» እያለ ይስቅባቸዋል።

ያን ወረቀት የጻፈችው ትርንጎ ናት። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጎብኚ ሳይመጣ፣ ጋሼ ዳምጤ ከውሃው መሐል ቀና ብለው አዩዋት።

«አስጎብኚዋ፣ ውሃው ይናከሳል እንዴ?»

«አይ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እግርሽ የትውስት ነው?»

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹በመሬቱ ላይ ያለው ነገር› የሚል መሙያ ቦታ ነበረው። ‹ባዶ› ብዬ ሞላሁ።»

ጋሼ ዳምጤ ያጨዱትን ደንገል በብብታቸው እንደያዙ ቆሙ።

«አላየሽውም?»

«ከዳር አየሁት። ገብቼ በውስጡ ያለውን ሁሉ መቁጠር ነበረብኝ። ለመግባት ደግሞ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ መሰብሰብ ነበረብኝ፤ ሜትር የያዙ ሦስት ወንዶች ከኋላዬ ቆመዋል። አፈርኩ።»

«ለዚህ?»

«ለዚህ። በኋላ ከቢሮ ጠርተው ‹እርግጠኛ ነሽ?› ሲሉኝም አዎ አልኩ። አይደለሁም ካልኩ ለምን እንዳልገባሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

«ጉልበት እኮ ነው፣ ልጄ። ማን የሌለው አለ?»

 ሽማግሌው ደንገሉን ወደ ብብታቸው ሰብስበው ቀጠሉ።

«ይህንኑ ለቢሮው ትጽፊልኛለሽ? ስሜ ይመለስልኝ።»

«እጽፋለሁ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ገብተሽ ቁጠሪ። ዳግመኛ ከዳር ሆነሽ እንዳትጽፊ።»

ልክ ነበሩ። ትርንጎ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች። የመጀመሪያ እርምጃዋ ያረፈበት ውሃ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ልስን ሆነ። በሁለተኛው ዳክዬዎቹ ጠፉ፤ ድምፅ አላሰሙም። በሦስተኛው ደንገሉ ከነሥሩ ነጣ። ቆመች። ነጩ ግን አልቆመም፤ እሷን አልፎ ወደ ጋሼ ዳምጤ ሄደ።

«ትርንጎ» አሉ ረጋ ብለው፤ «እግሬ የለም።»

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ቶሎ ጻፊው።»

«እስክሪብቶ አልያዝኩም።»

ጋሼ ዳምጤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጩ ወገባቸውን፣ ከዚያም በብብታቸው ያለውን ደንገል፣ በመጨረሻም ባርኔጣቸውን ወሰደ።

ሦስት ሰዓት ላይ የክረምት ትምህርት የሚከታተሉ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ተሰለፉ። መምህሩ አስጎብኚዋን ፈልገው ሲያጧት ራሳቸው ማስረዳት ጀመሩ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር፤ መሐሉ ላይ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች አንዲት ሴት ብቻ ተለጥፋለች። ወንዶቹ ተሳሳቁ። ከሴት ተማሪዎቹ አንዷ ቀረብ ብላ የሴትዮዋን ጉልበት በጣቷ ነካች። ሸክላ ነው፤ ይሞቃል።