በሮማኑ ጥላ የነበረችው

ባህሮም ወደ ቡኻራ የተመለሰው ለአገሩ ብሎ ነው ወይስ ለዜቦ? እሱም ገና አያውቀውም። በልጅነታቸው ከጥላው ሥር አብረው ይጫወቱበት የነበረውን የጓሯቸውን ሮማን ብቻውን ሥሎ በስልክ ቢልክላት፣ አብሮ አደጉ ዜቦ ወዲያው ጻፈችለት፦

«ሮማኑ አምሮበታል፣ ፍሬው ቀልቷል፤
ከጥላው የነበረችውን ማን አጥፍቷል?»

እሱ በርሊን እንደተማረው ስለ ብርሃንና ቀለም ረጅም ማብራሪያ መለሰላት። አክስቱ ሞሂራ ስታነበው ጭንቅላቷን ያዘች።

«አንተ ጅል! ግጥም ለላከች ልጅ ትምህርት ትሰጣለህ? እኛ ዘንድ እኮ በእሷው ቤት መምቻ ካልመለስክላት አልፈልግሽም ማለት ነው!»

«ረስቼው ነው፣ አክስትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ በላ፣ የኔ ጌታ!»

ዜቦን እንዳያጣት ሲፈራ ለማን እንደተመለሰ ገባው። ጻፈ፦

«አላጠፋሁሽም፣ እጄ ፈርቷል፤
ለፊትሽ የሚበቃ ቀለም ከየት መጥቷል?»

ላከላት። ዜቦ ግን ከዚያ ወዲያ አልመለሰችለትም፤ የፊተኛውን ማብራሪያ እንደ እምቢታ ቆጥራው ነበር።