ለእማዬ የተቀዳው ፊልም

ማክሰኞ ጠዋት ውሃ የመጣው ገና ሳይነጋ ነበር። ዶርቃ በርሜሉን ሞላች፤ ሁለቱን ጀሪካን ሞላች፤ ከዚያ ሻይ ጣደች። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ሰፈር በጉም ተሸፍኗል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ልጇ ርሆቦት ዩኒፎርሟን ተኩሳ፣ ዳቦዋን ቆማ እየበላች፣ የእንግሊዝኛው መምህር ተሾመ ስላዘዟቸው ሥራ አወራች። እያንዳንዱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አንድ የውጭ ፊልም መርጦ፣ ሰዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል እየጠቀሰ አራት ገጽ ይጽፋል። ምርጫው ረቡዕ ይነገራል፤ ጽሑፉ ሰኞ ይገባል። የክፍሏ ልጆች የመረጡት ሁሉ ተኩስ በተኩስ ነው አለች።

«እኔ የአባዬን ነው የምሠራው።»

ዶርቃ ታክሲ እንዳይረፍድባት ብላ ወጣች።

የአባዬ የሚባለው አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው። ጌድዮን በሕይወት ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የውጭ ሰባኪ ሲመጣ ጎን ቆሞ የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። እናቱ እማማ አሳየች ወገባቸውን ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ብቻቸውን እንዳይተክዙ ብሎ አንድ ፊልም ተከራየ። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የቤተ ክርስቲያኑን ማይክሮፎን ተውሶ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ እየተናገረበት ቀዳላቸው። ፊልሙ በበረዶ አገር መንደር ለመንደር እየዞረ ደወል ስለሚጠግን ሽማግሌ ነው። ጌድዮን ግን መተርጎም ብቻውን አልበቃውም። «እማዬ፣ ይሄን ባለ ባርኔጣ እንዳታምኚው» ይላል መሀል ላይ። ሽማግሌው ሾርባ ሲጠጣ ደግሞ «ጨው የረሱበት መሰለኝ፣ ፊቱን እዪውማ» ይላል። አንድ ቦታ ሳል ያቋርጠዋል፤ ይቅርታ ብሎ ይቀጥላል።

በ1987 ዓ.ም. ሞተ። እናቱም ዓመት ሳይሞላቸው ተከተሉት። ርሆቦት ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሠርጋቸው በቪዲዮ አልተነሳምና ድምፁ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ዶርቃ ክሩ እንዳያልቅ እየሳሳች በዓመት አንድ ቀን ብቻ ታጫውተዋለች። የዘንድሮውን ገና አላየችውም ነበር።

ረቡዕ ማታ ርሆቦት ሁለት ችግር ይዛ መጣች። መምህሩ የፊልሙን ርዕስ ጠይቀዋታል፤ ጥቅሱም በራሱ በፊልሙ ቋንቋ መሆን አለበት ብለዋል። የካሴቱ ሽፋን ላይ በጌድዮን እጅ ጽሑፍ «ለእማዬ» ከሚለው በቀር ምንም የለም፤ መጀመሪያው ተቆርጧል፤ እንግሊዝኛውም ከአባቷ ድምፅ ሥር ተውጧል። ፊልሙን ያኔ ያከራየው ግን ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ቪዲዮ ቤት ያለው አብዱልናስር ነው፤ ካየው ያውቀዋል። ካሴቱን ልውሰድለት አለች።

ዶርቃ አይሆንም አለች። ቅዳሜ ራሴ እወስደዋለሁ አለች። ርሆቦት ሰኞ ማስረከቢያው መሆኑን አስታወሰቻት፤ ቀጥላም «እማ፣ እንቁላል እኮ አይደለም፣ አይሰበርም» አለቻት። ዶርቃ ሳቅ አመለጣት። በማግስቱ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻትና መንገድ ላይ እንዳትሮጪበት ብላ ሸኘቻት።

ያን ጊዜ ደንበኛ ፊልም ማስቀዳት ሲፈልግ የራሱን ካሴት ይዞ ይመጣል፤ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ካሴቱን ትቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ተቀድቶበት ይወስዳል። አሮጌ ካሴት ከሆነና በላዩ እንዳይቀዳ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራ ከሆነ፣ አብዱልናስር ቀዳዳዋን በፕላስተር ይደፍንና ይቀዳል። ለሰፈሩ ሁሉ ሲያደርገው የኖረ ነው። የርሆቦትን ካሴት ዴክ ውስጥ ከትቶ ሁለት ደቂቃ አየ፤ ፊልሙን አወቀው፤ ርዕሱንም ነገራት። እሷ ወሬው የሌለበት፣ እንግሊዝኛው የሚሰማ ነው የምፈልገው አለችው። ነገ ነይ አላት።

ዓርብ ማታ ርሆቦት ከቪዲዮ ቤት ይዛው የመጣችውን ጋዜጣ ዶርቃ ስትፈታ ካሴቱ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር አየች። እዚያ ላይ የነበረችውን ፕላስቲክ በቢላዋ ጫፍ የሰበራት ጌድዮን ራሱ ነበር።

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከተተችው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። እያሳለፈች ሾርባው ጋ ደረሰች። ሽማግሌው ማንኪያውን አነሳ፤ ጠጣ፤ ማንም ምንም አላለም።

«የእኛው ካሴት እዚያው ሱቅ ቀርቶ ይሆናል» አለች ርሆቦት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ «ለእማዬ» የሚለውን አየች።

ቅዳሜ ዶርቃ ቪዲዮ ቤት ሄደች። አብዱልናስር ወንበር ሳበላት። ነገሩን ስትጠይቀው ግራ ተጋብቶ፣ «እህቴ፣ ሰው እያወራበት የተበላሸ መስሎኝ ነው። ልጅቷም ያለ ወሬው ነው ያለችኝ። አጸዳሁላት» አላት። የበፊቱን ከሥር ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። አይቻልም፤ ካሴት ሁለት አይዝም አላት። ከዚያም፣

«የማን ድምፅ ነበር?» አለ።

«የአስተርጓሚ» አለች ዶርቃ። አመስግናው ወጣች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ርሆቦት ደብተር አውጥታ አባቷ ያላቸውን ቃላት ለመጻፍ ሞከረች። ባለ ባርኔጣውንና ሾርባውን ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ይበለው እሷ ትፍጠረው መለየት አቃታት። ሳሉ ሽማግሌው ሐይቁን ሲሻገር ነው አለች ርሆቦት፤ ደወሉ ሲሰቀል ነው አለች ዶርቃ። ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም። ዶርቃ ዓይኗን ጨፍና ብትሞክርም የመጣላት ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ በራሷ ድምፅ።

ሰኞ ርሆቦት አራቱን ገጽ አስረከበች። ጥቅሶቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

ቤቱ ውስጥ የጌድዮን ፎቶግራፎች አሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ አለ፤ ካፖርቱ አለ። ድምፁ የለም።